እስከ እሁድ ብቻ

ሚዜ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ሱፍ ለብሶ ከሙሽራው ጎን ፎቶ መነሣቱን ማለቴ አይደለም። በእኛ አገር፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ አንደኛ ሚዜ ማለት ሙሽራዋን ከእናቷ እጅ ተቀብሎ በራሱ በቅሎ ይዟት የሚመጣ፣ ከዚያም ዕድሜ ልኩን ወንድሟ የሚሆን ሰው ነው። ከከፋት የምትነግረው እሱን ነው። ባሏ ቢበድላት ሽማግሌ ይዞ የሚሟገትላት እሱ ነው። ብትሞትም ከሥጋ ዘመዶቿ ጋር ተቀምጦ ለቅሶ ይደረሳል። እኔ ይህ ሁሉ የሆንኩት ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው።

ስሜ ስማቸው ነው፤ የሞጣ ልጅ ነኝ። ያኔ ምን ዓይነት ጎረምሳ እንደነበርኩ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ ግን ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ሸራ ጫማዬን በየማለዳው በጠመኔ አነጣለሁ። ሚኒስትሪ አልፌ የአውራጃ ጸሐፊ እሆናለሁ ብዬ ፊርማ እለማመዳለሁ። አጎቴ ቄስ ዓለሙ ስለ መላእክት ሲያወሩ «መሬት ድቡልቡል ናት» እያልኩ አበሽቃቸዋለሁ። እሳቸውም «ይቺ ትምህርት ቤት የምትሏት ነገር ራስህን ድቡልቡል አድርጋዋለች» ይሉኛል። እንዲህ እየተጓሸምን እንዋደድ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ምንይችል ዲያቆን ነበር። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቁርባን ማግባት አለበት፤ በቁርባን የተጋባ ደግሞ መፋታት የለም። አጎቴም ከብቸና ወጣ ብላ ካለች መንደር፣ ከደኅና ባላገር ቤት፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ አጩለት። ዕድሜዋን የነገረን አልነበረም። የፊት ጥርሶቿ ገና በቅለው አላለቁም ነበር። አማቶቿ ቤት ታድግና ለአካለ መጠን ስትደርስ ጎጆ ትወጣለች ተብሎ ነው የሚሰጠው። የዘመኑ ወግ ነበር፤ ወግ መሆኑን እንጂ ደግ መሆኑን አይደለም የምነግራችሁ።

ጥር ነው፤ አዝመራው ገብቷል፣ መንገዱም ደርቋል። ሐሙስ በልጅቷ ቤት ድግሱን በልተን፣ አርብ ጠዋት ተነሥተን፣ ደብረ ወርቅ ከዘመድ ቤት አድረን፣ ቅዳሜ ሞጣ አጠገብ ካለው ከአጎቴ መንደር ልንገባ ነበር። እሁድ ቅዳሴ ላይ ሙሽሮቹ ይቆርባሉ።

ሙሽራ አይታይም። ነጠላ ተከናንባ፣ ካባ ተደርቦላት፣ ፊቷ ተሸፍኖ ትቀመጣለች። በእግሯ አትሄድም፤ ሚዜ ተሸክሞ ያስወጣታል፣ ተሸክሞ ያስገባታል። በሰው ፊት አትበላም፤ ድምጿም አይሰማም። ይህን ያዙልኝ፤ በዚያ ጉዞ ውስጥ ለሕይወቷ አስፈላጊ የነበረውን ነገር ሁሉ ከዓይናችን የሰወረው ይኸው ወግ ነው።

አርብ ማለዳ በቅሎዬን ስጭን የልጅቷ እናት ወይዘሮ ጥሩ እጄን ይዘው ከጎተራው ጀርባ ወሰዱኝ። ቀጭን ሴት ናቸው፤ ከንፈራቸው ደርቋል።

«ስምህ ማን ነበር ያልከኝ?»

«ስማቸው።»

«ስማቸው፣ እናት አለችህ?»

«አለችኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው በእናትህ ማልልኝ።»

ምን እንደምምል ሳላውቅ ማልኩ።

«አንገቷ ላይ ክታብ አለ። ማንም እንዳያወልቅባት፤ አማቷም ቢሆኑ። ጠዋትና ማታ ጥቂት ውሃ ስጣት። ስትጠጣ ሰው እንዳያያት ነጠላህን ጋርድላት። ለምን ብለህ አትጠይቅ።» ትንፋሽ አጠራቸው። «እስከ እሁድ ብቻ ነው፣ ልጄ። ከእሁድ በኋላ እግዜር ያውቃል።»

በልቤ ሳቅሁ። እናቶችና ክታብ፣ አልኩ ለራሴ፤ መሬት ድቡልቡል መሆኗን የማያውቁ። አባቷ አቶ በላይ ደግሞ በሰርገኛው ሁሉ ፊት የልጃቸውን እጅ በእጄ ላይ አኖሩት። «ከእንግዲህ ወንድሟ አንተ ነህ። ቢከፋት አንተን ነው የምጠይቅ» አሉኝ። እጇ ትኩስና ትንሽ ነበረች። ተሸክሜ ከፊቴ ኮርቻው ላይ ሳስቀምጣት አንድ ቁና ጤፍ አትከብድም።

ከመንደሩ ራቅ እንዳልን ከነጠላው ሥር ድምፅ መጣ።

«አያ።»

«ሙሽራ አያወራም።»

«እናቴ ለሚዜሽ ታወሪያለሽ ብላኛለች።»

«እንግዲያው አውሪ።»

«ሞጣ ውሻ አለ?»

«ሞልቷል።»

«ይናከሳል?»

«እኔን አይነክሰኝም።»

አሰበችበት። «እንግዲያው ካንተ ጋር ነው የምወጣ።»

እንዲህ ጀመርን። ቃሏ ትንሽ ይጎተታል፤ የእንቅልፍ ነው ብዬ አለፍኩት። የቄስ ትምህርት የሚማር ወንድሟ ሲያጠና እየሰማች ፊደል እስከ «መ» ድረስ በቃሏ ይዛለች። «ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳልሰማ ውሃ ቅጂ ይሉኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አስተምርሻለሁ አልኳት፤ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያልን ወንዝ ተሻገርን። ወንዙ ዳር ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት፤ እንደ ማልኩትም ነጠላዬን ጋረድኩላት። ከክታቡ ውስጥ አንዳች ነገር አውጥታ አፏ ውስጥ ስትከት በጨረፍታ አየሁ። የታቦት እምነት፣ ያ የተቀደሰ አመድ፣ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰርገኛው ሞቅ ብሎት ይዘፍናል። እኔም «እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት። «ሠ… ሠ…» አለች፤ ምላሷ ተሳሰረ። ደግማ ሞከረች፤ ቃሉ ጭቃ ውስጥ እንደገባ እግር ተያዘባት። ከጎናችን የሚሄድ አንድ ሰርገኛ ሰምቶ «ሙሽሪት ጠላ ቀምሳ ነው የመጣች!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ጥቂት እንደሄድን እጇ እጅጌዬን ጨመደደ።

«አያ፣ በቅሎዋን አቁማት።»

«ምነው?»

«ዛፉ ሁሉ ይዘላል።»

ልጓሙን ያዝኩና ቆምን።

«አቁማት እንጂ!»

«ቆማለች እኮ፣ ትርንጎ።»

«አልቆመችም። አገሩ ይሮጣል።»

በቅሎዋ ሣር እየነጨች ነበር። ሰርገኛው አልፎን ሄዷል። ነጠላውን ከፊቷ ገለጥኩት፤ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ፊቷን ያየሁ። ቀይ ዳማ፣ ጉንጯ ላይ የኩል ጠብታ የወረደባት ልጅ ናት። ዓይኖቿ ግን አንድ ቦታ አይቆሙም። ሁለቱም ባንድነት ቀስ ብለው ይንሸራተታሉ፣ ከዚያ ተፈናጥረው ይመለሳሉ፤ ደግሞ ይንሸራተታሉ፣ ደግሞ ይፈናጠራሉ። የሸማኔ መወርወሪያ ነው የመሰለኝ። «ወደኔ እይ» አልኳት። «እያየሁህ ነው» አለች፤ ዓይኖቿ ግን እኔን መያዝ አልቻሉም። ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሬት ድቡልቡል ትሁን ጠፍጣፋ ግድም አልሰጠኝ።

ደብረ ወርቅ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ተሸክሜ ጓዳ አስገባኋት፤ ሚዜ ይሸከማልና ማንም አላሰበበትም። ላቆማት ብሞክር ጉልበቷ ታጥፎ እቅፌ ውስጥ ወደቀች። አስመለሳት። አፏን ጠርጌ ሳስተኛት እጇን ወደ አንገቷ ሰዳ ክታቡን ፈታችና ነጫጭ ክኒኖች መዳፏ ላይ አፈሰሰች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒቴ ነዋ። እንዳልወድቅ።»

«ከምን እንዳትወድቂ?»

«ከመሬት።» እንደ ቂል አየችኝ፤ ካየችኝ። «ይጥለኛል እኮ። ምላሴን እነክሳለሁ። የእናቴ ወንድም ነው ከደብረ ማርቆስ የሚያመጣልኝ። ለማንም አትናገር።»

«ስንት ነው የምትውጪው?»

«ድሮ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነበር። የሰርጉ ጊዜ ሲደርስ እናቴ ጨመረችልኝ፤ ቁርባኑ ላይ እንዳልወድቅ። ከዚያ እንገዳገድ ጀመርኩ። ስንገዳገድ፣ ሊጥልሽ ነው ትልና ትጨምርልኛለች። ስትጨምርልኝ ደግሞ እንገዳገዳለሁ።»

ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ፤ አልገባኝም። የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቺ ልጅ የሚጥል በሽታ አለባት። አጎቴ ካወቁ አይቀበሏትም። የምንይችል ቅስናም፣ የሷም ክብር፣ የእናቷም ስም ባንዲት ቃሌ ላይ ተንጠልጥሏል። እስከ እሁድ ብቻ። ውሃውን አቀበልኳት፤ ዋጠች። ክታቡን መልሼ አንገቷ ላይ አሰርኩላት።

ቅዳሜ ጠዋት አልነቃ አለች። ስጠራት «እ» ትላለች፣ ዓይኗን ትገልጣለች፣ ዓይኗ ይዋልላል፣ ደግሞ ትከድነዋለች። ከደረቴ ጋር በጋቢ አስሬ በቅሎ ላይ ወጣሁ። ሰርገኛው ሙሽሪት ደክሟታል አለ። ዘፈኑ ቀጠለ። እኔ ግን ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነው የምሄደው። አንዱ ትንፋሽ ከሌላው ዘግየት ሲል በቅሎዋን አቆማለሁ።

ምንይችል በቅሎውን አጠገቤ አመጣ። ዓይን አፋር ነው፤ እጮኛውን አይቷት አያውቅም፣ ሊያያትም አይፈቀድለትም።

«ምን ሆና ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እንጃ። አልነቃ አለችኝ።»

«ነገ እኮ ቁርባን ነው።»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከአጠገቤ አልራቀም።

ሞጣ መዳረሻ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ከተማው፣ አንዱ ወደ አጎቴ መንደር። ከመንደሩ እልልታ ይሰማል፤ ተቀባዮች ወጥተዋል። በቅሎዬን ወደ ከተማው አዞርኳት። አጎቴ ደርሰው ልጓሙን ያዙ።

«ወዴት ነው?»

«ክሊኒክ።»

«ሙሽራ ክሊኒክ ይወሰዳል እንዴ? የመንገድ ድካም ነው። ሰው እየጠበቀ ነው!»

«አባ፣ ይዩዋት።» ነጠላውን ገለጥኩት። በጣቴ የዓይኗን ቆብ ከፍ ሳደርግ ዓይኖቿ ያንኑ ጭፈራቸውን ቀጠሉ። አጎቴ አማተቡ።

«ጸበል እንውሰዳት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክሊኒክ ከገባች አገር ያውቃል። ነገ ካህናቱ ምን ይሉኛል? የቁርባን ልጅ ናት እኮ።»

ምንይችል ከበቅሎው ወርዶ መጣ። ልጓሙን ከአባቱ እጅ ቀስ ብሎ ፈለቀቀ። ያን ልጅ በአባቱ ፊት ቀና ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«አባ» አለ፣ «ካልነቃች ከማን ጋር ልቆርብ ነው?»

አጎቴ ለቀቁን። እሳቸውም ተከተሉን።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የዛሬው የጤና ረዳት ማለት ነው፣ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ ማረም ሰልችቶት ትቶታል። አስተኛት፤ ጉንጯን እየመታ ቀሰቀሳት፤ ጣቱን በፊቷ ወዲያና ወዲህ እያደረገ ዓይኗን ተመለከተ። ክንዷን አነሣና ለቀቀው፤ ወደቀ።

«ምን ወስዳለች?» አለን።

እኔ አንገቷ ላይ ያለውን ክታብ አየሁ።

«ምን ጠጥታለች ነው የምላችሁ! ጠላ? ሥር? ክኒን? ካልነገራችሁኝ ምንም አላደርግላትም።»

አጎቴ «ምንም» አሉ፤ እንደሚያውቁት እውነታቸውን ነው። እኔ በእናቴ ምያለሁ። እናቴ ከዚያ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ከገበያው ማዶ፣ ምናልባት በዚያች ሰዓት ለሰርጉ ልብሷን እየለበሰች ነበር። እማዬ ይቅር በይኝ አልኩና የክታቡን ክር በጥርሴ በጠስኩት። ክኒኖቹ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ።

ድሬሰሩ አንዷን አንሥቶ አገላብጦ አያት። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ፤ ያ ፊት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው።

«የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው» አለ። «ስሙኝ፤ እንዲህ ያደረጋት በሽታው አይደለም። መድኃኒቱ ከልክ በላይ በዝቶባት መርዟታል። ዓይኗ የሚዋልለው፣ ምላሷ የተሳሰረው፣ እግሯ የከዳት ከዚያ ነው።»

«ትሞታለች?» አልኩ።

«ካሁን ጀምሮ ካልወሰደች፣ እግዜር ካለ፣ ትነቃለች።»

ዞር ስል አጎቴ የሉም። «የሚጥል» የሚለውን ቃል እንደሰሙ ወጥተዋል።

እሁድ የጊዮርጊስ ደወል ሲደወል እኔ አልጋዋ ሥር ተቀምጫለሁ። ለእርሷ የተደገሰው ቅዳሴ ያለእርሷ ተቀደሰ። ከቅዳሴ በኋላ ምንይችል ድፎ ዳቦ በነጠላ ቋጥሮ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ፤ አማተበላት፤ ዳቦውን አስቀምጦ ሄደ። ሌላ ምን ማድረግ ይችላል? እሱም ልጅ ነው።

ዓይኖቿ በየቀኑ እየረጉ መጡ። ማክሰኞ ጠዋት ነቅታ በመስኮቱ ግቢ ውስጥ ያለውን ባሕር ዛፍ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች።

«አያ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ዛፉ ቆመ።»

ከዚያ ሳልጠይቃት ሠ፣ ረ፣ ሰ ብላ ጥርት አድርጋ አለችልኝ። ወጥቼ ከክሊኒኩ ጀርባ አለቀስኩ። በሕይወቴ ያን ያህል የተደሰትኩበት ቀን የለም።

ድሬሰሩ ሲያሰናብተን ትከሻዬን ያዘ። «ለቤተሰቦቿ ሁለት ነገር ንገርልኝ» አለ። «አንደኛ፣ የመረዛት የመድኃኒቱ መብዛት ነው። ሁለተኛ፣ እንዳያቋርጡባት። ሳምንት አሳርፈው ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይቀጥሉላት። ፈጽመው ከተዉ በሽታው ብሶ ነው የሚመጣ።» የቀሩትን ክኒኖች ክታቡ ውስጥ መልሶ ሰጠኝ።

አጎቴ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እነሱ ከእኔ ደበቁ። እኔ ደግሞ ልጄን ለዕድሜ ልኩ አላስርም» አሉ። «ሚዜዋ ነህ፤ ባመጣሃት በቅሎ በክብር መልሳት።» አዲስ ነጠላ አስለብሰው አሳፈሯት። ፊቷን ግን ማንም አልሸፈነላትም።

በመንገድ ላይ ብዙ አላወራችም። ደብረ ወርቅን አልፈን ነው የጠየቀችኝ።

«እሁድ አለፈ?»

«አለፈ።»

«ታዲያ ለምን ይመልሱኛል?» ዞራ አየችኝ፤ ዓይኖቿ ጸጥ ብለው ፊቴ ላይ ቆሙ። «እኔ እኮ አልወደቅሁም።»

ምን ትሏታላችሁ? እኔ «ሸ በይ» አልኳት። «ሸ» አለች።

ወይዘሮ ጥሩ ከሩቅ አይተውን ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸውን በበቅሎ፣ ፊቷ ተገልጦ ሲያዩ ሁሉም ነገር ገብቷቸዋል። ከበቅሎ ሳልወርድ፣ መልካሙን ላሰማቸው ስቸኩል፣ «እማማ፣ አይዞዎት፣ ድናለች! በሽታው አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው በዝቶ የመረዛት» አልኳቸው።

«ማን ነው የሰጣት?» አሉ፤ ግን እኔን አልነበረም የጠየቁት። «እኔ አይደለሁም? በእጄ!» ደረታቸውን መቱና መሬት ላይ ወደቁ። ሴቶች ተሯሯጡ። በጩኸቱ መካከል ሁለተኛውን ቃል ተናገርኩ፤ እንዳታቋርጡባት ብሏል፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ አልኩ። ለአቶ በላይም ደገምኩላቸው። «ሰምተናል፣ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ሚስታቸው ላይ ነበር። ክታቡን በወይዘሮ ጥሩ እጅ አኖርኩ። ትርንጎ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ።

«መቼ ትመጣለህ?»

«ፈተናዬን ስጨርስ።»

«እስከዚያ ሸን እይዛታለሁ» አለችኝ።

ፈተናዬን ጨርሼ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በቅሎ ልከራይ ስል ነው መልእክተኛው የመጣው። ሚዜ ነኝና ከዘመድ እኩል ተነገረኝ። ምንጭ ወርዳ ውሃ ስትቀዳ ወደቀች። አብረዋት የነበሩት ልጆች ሲጥላት አይተው ሸሹ፤ በሽታው በለሃጭ ይጋባል ተብለው አድገዋል፤ የወደቀ ሰው አይነካም። ፊቷ ወደ ውሃው ነበር። ውሃው ለጉልበት አይደርስም።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። የአውራጃ ጸሐፊ መሆኔ ቀረ። ጎንደር ሄጄ የጤና ሙያ ተማርኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየገጠሩ ለእናቶች መድኃኒት ሳድል ኖርኩ። አንድ ነገር ነው የተለወጠብኝ፤ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። እናት የምትሰማው የመጀመሪያውን ቃል ነው። ቀሪው ከልቧ ጩኸት በታች ይቀራል። ስለዚህ እኔ ሁለተኛውን ቃል አስቀድሜ እናገራለሁ፤ «አታቋርጪበት» እላለሁ፣ ደግማ እስክትለው እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ነው ሌላውን የምነግራት። የሥራ ባልደረቦቼ ልማዴን ያሾፉበት ነበር። የልጅ ዓይን ሲዋልል ባየሁ ቁጥርም መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ በሽታው አይደለም፤ ምን እየሰጣችሁት ነው እላለሁ፤ ደግሞ የምጠይቀው በቁጣ አይደለም። ልጆች ያሏችሁ አንባቢዎቼ፣ መድኃኒት ስትሰጡ ልጁ የባሰበት ቢመስላችሁ፣ ከመጨመራችሁ በፊት ሰው ጠይቁ። የተሻለውም ቢመስላችሁ፣ ከማቋረጣችሁ በፊት ሰው ጠይቁ። ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ለለቅሶው ብቸና የሄድኩ ጊዜ ወይዘሮ ጥሩ እንደ መጀመሪያው ቀን እጄን ይዘው ከጎተራው ጀርባ ወሰዱኝ። ጥቁር ለብሰዋል። ከጉያቸው ክታቡን አወጡ። ሲነቀንቁት ውስጡ ይንኳኳል፤ አንዷም አልጎደለችም።

«ልሰጣት እጄን እዘረጋለሁ፣ መረዝሻት የሚል ቃል ይመጣብኛል፣ እመልሰዋለሁ» አሉኝ። «እንዳልጥለውም ፈራሁ። አንተ ያን ቀን ሌላ ነገር ተናግረህ ነበር አሉኝ። እኔ አልሰማሁም። ምን ነበር?»

ነገርኳቸው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። እንደ ጸሎት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሙት። ከዚያ ቀና ብለው ዓይኔን ያዙ።

«ስማቸው፣ በእናትህ። አንድ አንዷን ብሰጣት ኖሮ ትተርፍልኝ ነበር?»

በእናቴ ሁለተኛ አስማሉኝ። ድሬሰሩ የነገረኝን እያንዳንዱን ቃል አውቃለሁ፤ ከፊቴ ግን የቆመችው እናት ነች።

«አይ፣ እማማ» አልኩ። «ለሷ አይሆናትም ነበር። ምንም ቢያደርጉ አትተርፍም።»

ከዚያ ትከሻቸው ዝቅ አለ፤ ካወቅኋቸው ጀምሮ እፎይ ብለው ሲተነፍሱ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው። «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉኝና ግንባሬን ሳሙ። ክታቡን ፈቱ፤ አመድ ማፍሰሻው ላይ ገለበጡት፤ አፉንም እያራገፉ ባዶ መሆኑን አዩ። ክኒኖቹ አመዱ ላይ ተበተኑ። ስንት ጠዋትና ስንት ማታ እንደነበሩ አውቄ፣ ዝም ብዬ አየሁ።